ክንፉ የቆመ ሄሊኮፕተር

ሰውየውን ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው የጠላሁት። ከሳውዲ በተመለሰ ሰሞን ቆቦ ውስጥ ወዳለችው ጠባብ ፎቶ ቤቴ መጣና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ “እዚህ አገር ደህና ካሜራ ያለህ አንተ ነህ አሉ?” አለኝ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልክ የለ። መልሴን ሳይጠብቅ አንድ ትልቅ ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፎ ከፈተው። በስፖንጅ ተከብቦ የተኛ ሄሊኮፕተር ነበር፤ በሪሞት የሚበር፣ ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር የሚሆን፣ ሆዱ ቀይ፣ ጅራቱ ጥቁር። ሰውየውን በጠላሁባት ቅጽበት ዕቃውን ወደድኩት። ጣጣዬ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ያኔ የሰው ፊት ሰልችቶኝ ነበር። በአዘቦቱ ቀን ጉርድ ፎቶ፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ። አንዱ “ፊቴን አቅላልኝ” ይላል፣ ሌላዋ “ከኋላዬ ፏፏቴ አድርግልኝ” ትላለች፣ ሚዜው ሰክሮ ካሜራዬ ላይ ይደገፋል። ሄሊኮፕተር ግን ምንም አይልም። አቅላኝ፣ አቅጥነኝ ብሎ አይጨቀጭቅም። ለማንሳት ደግሞ ከሙሽራ በብዙ ይከብዳል። በአንድ ዓይንህ አጮልቀህ ያዝኩት ስትል ወደ ጎን ሹልክ ይላል፤ ስትከተለው ከላይህ ነው፤ ስትቀና ጅራቱን ብቻ ይሰጥሃል። መጀመሪያ አስተካክዬ ያነሳሁት ቀን፣ ከኋላው የዞብል ተራራ ቆሞ፣ ገና የወጣች ፀሐይ ቀዩን ሆዱን አብርታው፣ ደስታዬ ሌላ ነበር። ያን ሳምንት ሰው አልሰደብኩም።

ስለዚህ ስንጣላ ከረምን፣ አብረንም ወጣን። እሱ ከሌለ ሄሊኮፕተር የለም፤ እኔ ከሌለሁ ፎቶ የለም። ነፋሱ ሳይነሳ፣ ማለዳ፣ ፎቶ ቤቴን ከመክፈቴ በፊት የሆርማት ወንዝ አሸዋ ላይ እንገናኛለን። እሱ “ዘገየህ” ይለኛል። እኔ “ላንተ አልመጣሁም” እለዋለሁ። ከዚያ ሄሊኮፕተሩ እየጮኸ ይነሳል፣ ሁለታችንም ዝም እንላለን። በሕይወቴ ከሱ ጋር ያሳለፍኩት ሰላም ያ ብቻ ነው።

ትልቁ ጠባችን በክንፉ ነበር። አናቱ ላይ ያሉት ሁለት ረጃጅም ክንፎች ሲሽከረከሩ ዓይን አይለያቸውም፤ ስስ ክብ ነገር ብቻ ነው የሚታይህ። ካሜራው ላይ ሹተሩን፣ ዓይኑን የሚከፍት የሚዘጋውን ነገር፣ ዘግየት ካደረግከው ፎቶውም እንደዚያው ይወጣል፣ ሕይወት ይኖረዋል። ሹተሩን በጣም ካፈጠንከው ግን ክንፎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ አየር ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ይመስላል። እኔ የምወደው የመጀመሪያውን ነው። እሱ ግን ክንፉ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ በአንድ እንዲነበብ ይፈልጋል፤ ጅዳ ላሉ ጓደኞቹ ሊልክላቸው።

“ጽሑፉ የታል? አንሳ ብዬህ አይደል እንዴ? ሙልጭ አድርገህ አጠፋኸው እኮ!”

“እየበረረ መሆኑ ይታይ ብዬ ነው።”

“መብረሩን እኔ አውቃለሁ። ክንፉን አቁምልኝ!”

አቆምኩለት። ዕቃው የሱ ነው፣ ምን ላድርግ? ከዚያ ወዲህ ያነሳሁለት ሁሉ ክንፉ የቆመ ነው፤ አስከሬን አስከሬን ይሸተኛል።

ሆርማት ላይም ብዙ አልቆየንም። መጀመሪያ ተማሪ ከበበን፣ ቀጥሎ ሥራ ፈት፣ በመጨረሻ መሣሪያ ያነገተ ሚሊሻ መጥቶ፣ “ይኸ ነገር ማንን ነው የሚያየው?” አለ። ማንንም አያይም፣ መጫወቻ ነው ብለን አስረዳነው። “ሽማግሌ የሚያክል ሰው በምን ቤቱ ነው የሚጫወት!” ብሎ አባረረን። የገበያ ሴቶችም ዝናቡን የሚበትነው ይኸ ጩኸታም ነው አሉ አሉ። የዚያ ከተማ ሰው ያላየው ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ይሳደባል፣ ምንነቱን የሚጠይቀው በኋላ ነው። ሰውየው፣ “የአባቴ ማሳ አለ፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ፤ እዚያ ማንም አይደርስብንም” አለ። የአባቱ ማሳ የት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ከወንድሜ ማሳ ጋር በአንዲት ድንበር ነው የሚለያየው።

ወንድሜ በዕድሜ ይበልጠኛል። በትዕግሥት ደግሞ አገሩን ሁሉ ይበልጣል፤ ይኸ ትዕግሥቱ ሁሌም ያናድደኛል። የሰውየው አባት ጥሩ ሙስሊም፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ ናቸው። ከወንድሜ ጋር በሬ ሲያቀናጁ፣ አንዱ የሌላውን ድግስ ሲያነሳ የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ያን ዓመት ማሳ የሚያጠጣው የተራራ ጎርፍ የወንድሜን የታችኛውን ማሳ ሳይደርስበት ቀርቶ ነበር፤ እዚያ የዘራው ገና ጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። የቀረችው ይቺ ከሽማግሌው ጋር የምትዋሰነው ናት። ደጋሊት ማሽላ ዘርቶባት ደህና ይዛለት ነበር። የልጆቹ የዓመት ቀለብ እሷ ብቻ ናት።

በዚያ ቆላ የወፍ ጥበቃ ሕግ አለው። ማሽላው ወተት መቋጠር ሲጀምር ግሪሳ ይመጣል፤ መንጋው ከወረደበት ማሳ ገለባ እንጂ ፍሬ አይተርፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ በየማሳው የእንጨት ማማ ይሠራል፣ ከንጋት እስከ ማታ እላዩ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ያባርራል። ወፉን ከማሳህ ስታስነሳ ወደ ጎረቤትህ ትጮኻለህ፤ እሱም ለቀጣዩ ይጮኻል፤ መንጋው ማረፊያ እያጣ እስከ ዱር ይሸኛል። ሳይጮህ ወፍ የሚነዳ ሰው እንደ ሌባ ነው የሚታየው። ቀብር ያለ ቀን ደግሞ ማማ ላይ የሚወጣ የለም። ሰው ሁሉ ለቅሶ ይሄዳል፣ ወፉ ደስ ያለው ላይ ያርፋል። የቀብር ቀን ወፍ የሁሉ ነው ይላሉ፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይለቅማል እንጂ አንዱን ለይቶ አያራቁትም።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ማለዳ ሰውየው በባጃጅ መጥቶ ከደጄ ጡሩንባ አስነፋ። “ዛሬ ከወፍ ጋር ታነሳልኛለህ፤ ወፉ ጉድ ነው!” አለ። ስንደርስ ማማዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው።

“ሰው የት ሄደ?” አልኩት።

“ቀብር። እንኳን ሄዱ፣ የሚጨቀጭቀን የለም።”

ግሪሳው በየማሳው ተበትኖ ይለቅማል። እሱ ሲጋራውን አፉ ላይ ሰካ፣ ሪሞቱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ሄሊኮፕተሩን ባባቱ ማሽላ ላይ ዝቅ አድርጎ ለቀቀው። ወፉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሰማዩ ጠቆረ፤ መንጋው ተጠቅልሎ ዞረ፣ ቀዩ ሄሊኮፕተር መሃሉ ገባ፣ እኔም ተኮስኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ካሜራውን ከዓይኔ ሳወርድ መንጋው ሙሉ በሙሉ ወንድሜ ማሽላ ላይ ወርዷል። ዘለላው በወፍ ክብደት ይጎነበሳል።

“መልሰው! ወንድሜ ማሳ ላይ ወረደ እኮ!” ብዬ ጮህኩ።

ዞር ብሎም አላየኝም። ሲጋራውን ሳያነሳ በጥርሱ መሃል፣ “እኔ የአባቴን ማሳ ነው የማባርረው። የወንድምህን ጠብቅ ያለኝ ማነው?” አለ።

ማሽላው ውስጥ ገብቼ ጓል እየወረወርኩ እሮጣለሁ። ከፊቴ ይነሳሉ፣ ከኋላዬ ያርፋሉ። ወንጭፍ የለኝ፣ ጅራፍ የለኝ። እሱ ባትሪ በባትሪ እየቀየረ፣ ጥቂት ወፍ ወዳባቱ ማሳ መለስ ባለ ቁጥር ወደኛ ይገፋዋል። እኔ እሱን እሰድባለሁ፣ እሱ ይስቃል። ሌላ ሰው እስኪመጣ ድረስ ምድረ ግሪሳ ወንድሜ ላይ ሰፍሮ ዋለ።

ወንድሜ ከቀብር ሲመለስ ለለቅሶ የለበሰውን ጋቢ እንኳ አላወለቀም። ድንበሩ ላይ ቆሞ አየ። አንድ ዘለላ ቀንጥሶ መዳፉ ላይ አሽቶ እፍ አለው። መዳፉ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። “እሺ” አለ። እሺ ብቻ! ሰውየውን ሳይሆን እሱን ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ነገሩን ወደ ሽማግሌ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ቢሆን ዝም ብሎ በተራበ። በሳምንቱ ነገር በሚታይበት ሾላ ሥር፣ ሰውየውና አባቱም ባሉበት፣ ተሰበሰብን። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም የተመረጡ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ዱአ ተደረገ፣ አሜን ተባለ። ልናገር ብድግ ስል የመሃለኛው ሽማግሌ በበትራቸው አስቆሙኝ።

“አንተ ወንድሙ አይደለህም እንዴ? ወንድም ለወንድም አይመሰክርም። ቁጭ በል።”

“እንግዲያው ካሜራው ይመስክር፤ ካሜራው ወንድም የለውም!” ብዬ አሳጥቤ ያመጣሁትን ትልቅ ፎቶ ሰጠኋቸው።

ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የመሃለኛው ሽማግሌ ራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩት። “ይኸ የኒህ አባት ማሳ ነው። ማማውም ይኸው። ይኸ ወፉ ነው። ይኸ ደግሞ ያ ጉድ ነው” አሉ። በሆዴ፣ ያዝኩህ አልኩ። ሰውየው ግን፣ እስከዚያ አጎንብሶ የተቀመጠው፣ ተነሳና እጅ ነሳ። እንዲህ ያለ ትሕትና ከየት እንዳመጣው እንጃ።

“አባቶቼ፣ እስቲ ክንፉን እዩልኝ። ሁለቱም ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም? ባትሪ አልቆበት ሲወድቅ ነው ያነሳው። ወፉ በራሱ ጊዜ ነው የተነሳ። እንኳን ወፍ ሊያባርር፣ ክንፉ የቆመ ነገር ራሱን ችሎ ይበራል?”

ሽማግሌዎቹ ፎቶውን መልሰው አዩ። እውነትም ቆሟል። ጽሑፉ ሳይቀር ይነበባል። ሰውም አጉረመረመ። ያንን ክንፍ እኮ አቁምልኝ ብሎ ያስቆመኝ እሱ ነው! ሹተር ምን እንደሆነ ላስረዳ ጀመርኩ። ካሜራ ዓይኑን ገልጦ ሲከድን፣ ፍጥነቱ፣ እያልኩ ስጮህ ነገሩ ለራሴም ሐሰት ሐሰት መሰለኝ። በመጨረሻ፣ “አሁን እዚህ ያስነሳው! እየበረረ አነሳዋለሁ፣ በዓይናችሁ ታያላችሁ!” አልኩ።

ይነሳ አሉ። እምቢ ማለት አልቻለም፤ ካርቶኑን አስመጥቶ አስነሳው። ሄሊኮፕተሩ ሽማግሌዎቹ ፊት አቧራውን እያቦነነ ወጣ፣ ጋቢያቸውን ገለበው፣ አንዲት ዶሮ እየጮኸች እሾህ አጥር ውስጥ ገባች። አነሳሁትና ሄጄ የካሜራውን መስታወት ለመሃለኛው ሽማግሌ አሳየኋቸው። ቀና ብለው ሲያዩ ከላያቸው እየጮኸ ይሽከረከራል። ዝቅ ብለው ሲያዩ ክንፉ ቆሟል። ደግመው ቀና አሉ፣ ደግመው ዝቅ አሉ።

“አየህ?” አሉኝ ሽማግሌው።

“አየሁ! እርስዎም አዩ!”

“እኛ በዓይናችን የሚሽከረከር አየን። ካሜራህ ግን ቆሟል አለን።”

“አዎ! እሱን እኮ ነው የምለው!”

“እንግዲያው ካሜራህ ይዋሻል።” ፎቶውን መለሱልኝ። “በአንዱ የዋሸ ምስክር በሌላው አይታመንም። ወፉንም ማሳውንም ከየት እንዳመጣው ምን እናውቃለን?”

ያልኳቸውን አልጽፈውም። ሁለት ሰው ይዞ አስቀመጠኝ። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” አለ አንዱ ከኋላዬ፤ ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ እሱንም አልለቀውም ነበር።

ምስክር ከወደቀ የሚቀረው መሐላ ነው። ማሳው የአባት ስለሆነ የሚምሉትም አባት ናቸው። አባትየው ውሃ አስመጡና ውዱእ አደረጉ፤ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን፣ በዝግታ። ሲጨርሱ በሞራ የተሸፈነ ዓይናቸውን ልጃቸው ወደቆመበት አዞሩ።

“ልጄ፣ እኔ ቀብር ነበርሁ፤ ብኖርም አላይ። የምምለው እኔ ነኝ፣ ጌታዬ ዘንድ ቀድሜ የምሄደውም እኔ ነኝ። ወፉን ወደ ጎረቤቴ ነድተኸዋል?”

ሰውየው መሬት መሬት አየ። ላንድ አፍታ የሚናገር መስሎኝ ነበር። “አልነዳሁም አባ። ይማሉ” አለ።

እኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ይማሉና ቤታቸው ይፍረስ፣ ዘራቸው ይድረቅ አልኩ በሆዴ። በሐሰት የማለ ሰው ቤት ዓመት አይደግምም ይባላል፤ እኔም ቆሜ ለማየት ተዘጋጀሁ። አባትየው ቁርአኑ ወዳለበት እጃቸውን ሲዘረጉ ወንድሜ ተነሳ።

“አይማሉ” አለ።

ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

“ትቻለሁ። እህሉ ይቅርብኝ። እርስዎ ግን ይኸን አይማሉ። ወንድሜ ክፉ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም።”

የአባትየው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ፤ የውዱኡ ውሃ ከክንዳቸው ይንጠባጠባል። ከዚያ በዳበሳ ወደ ልጃቸው ሄደው ትከሻውን ያዙት።

“ከሳሽ ሆኖ ለኔ ነፍስ የሚሳሳ ሰው በሐሰት አይከስም” አሉ። “ድንበሩን አፍርሱት። ኅዳር ላይ ሁለቱን ማሳ እንዳንድ አጭደን እንካፈላለን። አንተም ታጭዳለህ።”

ሰው ሁሉ “አልሐምዱ ሊላህ”፣ “እግዚአብሔር ይመስገን” አለ። ወንድሜና ሰውየው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እኔንም ሳም አሉኝ። አልስምም አልኩ። “ተወው፣ እሱ እንዲሁ ነው” አለ ወንድሜ፣ እየሳቀ። የሚበላ ነገር ለልጆቹ የተገኘለት በኔ ጩኸት መስሎኝ ነበር፤ ያመሰገነኝ ሰው የለም።

ሄሊኮፕተሩ ከዚያ ቀን በኋላ ከካርቶኑ ሲወጣ አላየሁም። ኅዳር ሲያልቅ አጨዳ ደረሰ፣ እኔም ካሜራዬን አንግቼ ሄድኩ። ለምን ካሜራ እንደያዝኩ ጠይቃችሁኝ ቢሆን፣ ለልጆቹ ማስታወሻ እል ነበር። ውሸት ነው። ያንን ሰው አጎንብሶ ለማየት ነው የሄድኩት።

አጎንብሶም አገኘሁት። ማጭድ ከያዘ ስንት ዘመኑ፤ መዳፉ ውሃ ቋጥሮ በጨርቅ ጠቅልሎታል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ መነጽሩ የለም። ከአጫጆቹ ሁሉ ኋላ ቀርቷል። ወንድሜ የራሱን መደዳ ጨርሶ ወደሱ መደዳ ገብቶ ያግዘዋል፣ አንድ ነገር እያወራለት ያስቀዋል።

“ማጭድ እዚያ አለልህ!” ብሎ ጮኸልኝ ወንድሜ።

“ከሱ ጋር አላጭድም!” አልኩት።

ሰውየው ድምፄን ሰምቶ ቀና አለ። ካሜራውን ሲያይ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ፊቱ ላይ ጋረደ።

“አታንሳኝ” አለኝ። ድምፁ ሌላ ነበር። “በናትህ፣ እንዲህ ሆኜ አታንሳኝ።”

ያ ሁሉ ማለዳ አንሳ፣ ይኸን አንሳ፣ እንደገና አንሳ እያለ ሲያዘኝ የኖረ ሰው ነው። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አመጣሁና አነሳሁት። እጁን ሲያወርድ ደግሜ አነሳሁት። ዞሮ ጀርባውን ሲሰጠኝም በሌላ በኩል መጥቼ አነሳሁት።

ወንድሜ ማጭዱን እንደያዘ መደዳውን ጥሎ መጣ። እንደልማዱ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁለት። እሱ ግን ሰፊ መዳፉን ሌንሱ ላይ ጭኖ ካሜራውን ወደ ደረቴ ገፋው። የዓመት ቀለቡ በወፍ ሲበላ እሺ ብሎ የቆመ ሰው፣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

“ሂድ ወደ ቤትህ” አለኝ። “ጎረቤቴ ነው።”